ለ81 ዓመት እናት የአሜሪካ ቪዛ እድሳት፦ ቃለ መጠይቅ ቀርቷል ወይስ ግዴታ ሆነ? የ3 ወሩስ ነገር?

አራስ_ቤት (ሜሪላንድ) | ጥቅምት 11 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁም። ደንቡን የምትከታተሉ እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጠይቀው።

እናቴ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ 81 ዓመቷ ነው። የቢ1/ቢ2 (የሥራ ጉዳይና የጉብኝት) ቪዛዋ ለ2 ዓመት የተሰጠ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ነበር፤ እኤአ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 አበቃ። በዚያ ቪዛ ሁለት ጊዜ መጥታለች፤ መጀመሪያ 4 ወር፣ በሁለተኛው ግን በአይ-539 (የቆይታ ማራዘሚያ ፎርም) አስረዝመን 8 ወር ቆይታለች። እኔ ማርች 10 ገደማ እወልዳለሁ፤ ከዚያ በፊት እንድትደርስልኝ እፈልጋለሁ።

ድሮ ከ79 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ቃለ መጠይቅ የለበትም ይባል ነበር። አሁን አንዱ ቀርቷል ይላል፣ ሌላው አለ ይላል። ፓስፖርቷን ብቻ አስገብታ ማሳደስ ትችላለች? ቪዛው ለኢትዮጵያውያን 3 ወር ብቻ ሆኗል ሲባል፣ እዚህ የምትቆየው 3 ወር ብቻ ነው ማለት ነው? ሦስተኛ፣ የቪዛ ማመልከቻ ፎርሙን፣ ዲኤስ-160ውን፣ እኔ ሞልቼ ልኬዋለሁ፤ ግን ያስገባሁት የአሮጌውን ፓስፖርት ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ክፍያውም ቀጠሮውም ገና ነው። የመጨረሻው የወንድሜ ጉዳይ ነው። ሻርጃ በሥራ ላይ ነው፤ ለክርስትናው መምጣት ይፈልጋል። አንድ ደላላ ዱባይ ላይ ካመለከትክ ረዘም ያለ ቪዛ ይሰጥሃል ብሎታል። እውነት ነው?


ሽሮ_ሜዳ | ጥቅምት 11 ቀን 2018

እህቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። የእናትሽን ጉዳይ ልውሰድ፤ የወንድምሽን እዚያው ባሕረ ሰላጤ ያሉት ቢመልሱልሽ ይሻላል።

“ከ79 በላይ ነጻ ነው” የሚለው ከሴፕቴምበር 2 ቀን 2025 ጀምሮ የለም። ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም እንዲሁ። ዕድሜ ብቻውን ከእንግዲህ ማንንም ከቃለ መጠይቅ አያስቀርም። “ሁሉም ተዘጋ” የሚሉት ግን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው ያላነበቡ ናቸው። ክፍት ከቀሩት ጥቂት በሮች አንዱ የቢ1/ቢ2 እድሳት ነው፤ እናትሽ በዚያ በር ሊያልፉ ይችላሉ። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የቀድሞው ቪዛ ካበቃ 12 ወር ያልሞላው መሆን አለበት፤ በጊዜው ለዜግነቱ በሚፈቀደው ሙሉ ዕድሜ (የአገልግሎት ጊዜ) የተሰጠ መሆን አለበት፤ ሲሰጥ ባለቤቱ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ የሚያመለክቱት በዜግነት ወይም በመኖሪያ አገር መሆን አለበት፤ ቪዛ ተከልክለው የማያውቁ፣ ተከልክለውም ከሆነ ኋላ ተሰጥቷቸው ክልከላው የተሻረ መሆን አለበት፤ ሌላ የሚያጠራጥር ነገርም መኖር የለበትም። እነዚህ ሁሉ ተሟልተው እንኳ ቆንስሉ “ይምጡና ላነጋግራቸው” ማለት ይችላል።

12 ወር የምትለዋን አስምሪባት። ከዚያ በፊት 48 ወር ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2025 ነው ወደ 12 የወረደው። የድሮ ምክር ይዘው “አራት ዓመት አላቸው” የሚሉሽን አትስሚ። የእናትሽ የመጨረሻ ቀን ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026፣ በእኛ የካቲት 13 ነው።

አሁኑኑ አሮጌውን ፓስፖርት አስከፍቺና የቪዛውን ገጽ ፎቶ ያንሡልሽ። የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቺ፤ በመካከሉ ድፍን 2 ዓመት ካለ ጥሩ። የመግቢያ ብዛት በሚለው ሥር “ኤም” ፊደል (ደጋግሞ የሚያስገባ ማለት ነው) መኖር አለባት። ከሁለቱ አንዱ አጥሮ የተሰጠ ከሆነ ሙሉ ዕድሜ አይባልም፤ ቃለ መጠይቅ ውስጥ ይገባሉ። በገጹ ታች በቀኝ በኩል በቀይ የተጻፈውን ቁጥርም መዝግቢው፤ ዲኤስ-160 የሚጠይቀው የቪዛ ቁጥር እሱ ነው።

ስለ 8 ወሩ። ማራዘሚያው የተጠየቀው አይ-94 (ሲገቡ የሚሰጠው የቆይታ መዝገብ) ከማለቁ በፊት ከሆነና ከጸደቀ ችግር የለም። የማጽደቂያውን ደብዳቤ ቅጂ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጪላቸው። ፎርሙ ያለፉትን ጉብኝቶች የገቡበትን ቀንና የቆዩበትን ጊዜ እየጠየቀ ያስሞላል፤ “8 ወር” ብለሽ እውነቱን ጻፊ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስድስት ወር ያለፈው ይታይብኛል ብሎ “6 ወር” ይጽፋል። የድንበር ጥበቃው መዝገብ መግቢያውንም መውጫውንም ይዞታል። የተፈቀደ ቆይታ በተሳሳተ መልስ ወደ ጥርጣሬ ይለወጣል። ማራዘሚያው ሳይጸድቅ የቆዩበት ጊዜ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 222 ጂ የቀድሞው ቪዛ ራሱ የተሻረ ይሆናል፣ ያለ ቃለ መጠይቅ የሚባለውም አይሠራም።


ሽሮ_ሜዳ | ጥቅምት 11 ቀን 2018

የ3 ወሩ ለብቻው መልስ ስለሚያሻው ለየሁት።

ከጁላይ 8 ቀን 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሰጠው አብዛኛው የጊዜያዊ ጉዞ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ፣ ለ3 ወር የሚያገለግል ነው። ከዚያ በፊት የተሰጠ ቪዛ በላዩ እንደተጻፈው ይቀጥላል። 3 ወሩ የመግቢያ ጊዜ ነው እንጂ የመቆያ ጊዜ አይደለም። ቪዛው የሚያበቃበት ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መድረስ የሚችሉበት የመጨረሻ ቀን ነው። እዚያ የሚቆዩበትን የሚወስነው ሲገቡ መኮንኑ የሚሰጣቸው አይ-94 ነው፤ ለቢ2 አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው። ቪዛው ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው የገባ ሰው አይ-94ው ላይ 6 ወር ከተጻፈለት 6 ወር ይቆያል። አንዴ ከወጡ ግን ቪዛው አለቀ፤ ለመመለስ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ 185 ዶላር።

ስለዚህ ሁለት ቀነ ገደብ አንድ ላይ ይዘሻል። አንዱ ፌብሩዋሪ 20 ነው፤ ከዚያ በኋላ የእድሳቱ በር ይዘጋል። ሁለተኛው ቪዛው ከታተመበት ቀን የሚቆጠረው 3 ወር ነው። አሁን ቸኩለሽ ብታስገቢና ኖቬምበር 15 ቢታተም፣ ፌብሩዋሪ 15 ሳይደርስ መግባት አለባቸው፤ ከወሊድሽ ሦስት ሳምንት በፊት ማለት ነው። 6 ወር ቢሰጣቸው ኦገስት አጋማሽ ላይ ይወጣሉ። ይህ ከተስማማሽ አሁን ማስገባት ይቻላል። ከወሊዱ በኋላ ረዘም አድርገው እንዲቆዩልሽ ከፈለግሽ ግን ዲሴምበር መጨረሻ ወይም የጃንዋሪ መጀመሪያ ይሻላል። በጃንዋሪ የታተመ ቪዛ እስከ ኤፕሪል ያስገባል።

ወደ ፌብሩዋሪ ግን አታስጠጊው። ሰነዱን አይተው “ቃለ መጠይቅ ያስፈልጋል” ቢሉ ቀጠሮ መጠበቅ ይመጣል። በዓላትንም ቁጠሪ። ኤምባሲው የአሜሪካንም የኢትዮጵያንም በዓላት ይዘጋል፦ ዲሴምበር 25፣ ጃንዋሪ 1፣ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19፣ ፌብሩዋሪ 16 ደግሞ የፕሬዚዳንቶች ቀን። ዘንድሮ ጥምቀትና የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን በአንድ ሰኞ ስለዋሉ አንድ ቀን ተረፈላችሁ።


ፎርም_ሞይ_ፒያሳ | ጥቅምት 12 ቀን 2018

ስለ ዲኤስ-160 ስህተቱ።

አንዴ የተላከ ዲኤስ-160 አይታረምም፤ በአዲስ ይተካል። ከባዶ መጀመር ግን የለብሽም። ድረ ገጹ ላይ የድሮውን የማመልከቻ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስም ተብሎ የገባውን ስም የመጀመሪያ አምስት ፊደላት፣ የልደት ዓመትና የምስጢር ጥያቄውን መልስ ስትሰጪው የሞላሽውን ያወጣልሻል። ከዚያ አዲስ ማመልከቻ አድርገሽ ፓስፖርቱን ብቻ አስተካክለሽ ትልኪያለሽ። አዲስ ቁጥር ይሰጥሻል። ገና ቀጠሮ ስላልያዝሽ እድለኛ ነሽ፤ የድሮውን ቁጥር እርሺውና ወደፊት ሁሉ አዲሱን ተጠቀሚ።

ይህን ከበድ አድርጌ የምነግርሽ በ2025 በርካታ ቆንስላዎች አንድ ነገር ስላጠበቁ ነው፤ ቀጠሮው የተያዘበት የዲኤስ-160 ቁጥርና ይዘሽ የምትመጪው የማረጋገጫ ገጽ ቁጥር አንድ መሆን አለባቸው። ድሮ በሩ ላይ “አዲሱ ይኸው” ብሎ ማሳየት ይበቃ ነበር። አሁን ቁጥሩ ካልገጠመ ሰውየውን መልሰው ሌላ ቀን ያስይዙታል። ፎርሙን በቀየርሽ ቁጥር የቀጠሮ መዝገቡ ውስጥ ገብተሽ ቁጥሩን መለወጥ አትርሺ። ይህ ደግሞ የቀጠሮው ዋዜማ ማታ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ ማለቅ አለበት።

ቁጥሩ በ“ኤኤ00” ይጀምራል። ስትገለብጪው ዜሮውንና “ኦ” የምትባለውን ፊደል አትቀያይሪ።

እድሳት ላይ በተለይ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ የምታመለክተው ለዚያው የቪዛ ዓይነት ነው? የምታመለክተው ቪዛው በተሰጠበት አገር ነው? የአሥር ጣት አሻራ ሰጥተሻል? የሚሉ። እናትሽ አሻራ ስለመስጠታቸው ጠይቂያቸው፤ ገምተሽ አትሙዪ።

ስም ላይ የሚፈጠረው ስህተት ከሁሉ ይበዛል። የእኛ ስም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው፤ ፎርሙ ግን የቤተሰብ ስምና የተሰጠ ስም ብሎ ሁለት ሳጥን ነው ያለው። በራስሽ አታከፋፍይው። ፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ ቀስት ቀስት የሚመስሉ ምልክቶች ያሉባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ ከሁለት ቀስት በፊት ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከሁለቱ ቀስት በኋላ ያለው የተሰጠ ስም ነው። እሱን እንዳለ ገልብጪ፤ የእንግሊዝኛው ፊደል የተሳሳተ ቢመስልሽም እንኳ። የድሮው ፓስፖርት ላይ በሌላ አጻጻፍ ከነበረ “ሌላ የምትጠሪበት ስም” የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ አስገቢው።

አንቺና እናትሽ የአያት ስማችሁ እንደማይገጥም ግልጽ ነው፤ ዝምድናው በስም አይታይም ማለት ነው። የአንቺ የልደት የምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ ይኑር። ልደት ላይ ደግሞ ቀኑን ከፓስፖርቱ ውሰጂ። በኢትዮጵያ ቀን ከተጻፈ ሰነድ ራስሽ እየቀየርሽ ከሆነ ጳጉሜ ላይና ዓመቱ ሲሻገር አንድ ቀን መዛነፍ ቀላል ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ ግን 12 ይሆናል።

የጉዞውን ምክንያት በተመለከተ። በአማርኛችን “ልጄን ላርሳት ነው” ብንል ሁሉም ይገባዋል። ፎርሙን በእንግሊዝኛ የሚሞላው ሰው ግን “ሕፃን ልትጠብቅ” ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ያ ደግሞ ሞግዚትነት፣ ማለትም ሥራ ይመስላል። ቢ2 ሥራ አያሠራም። እውነቱ የምትወልድ ልጃቸውን መጠየቅና የልጅ ልጃቸውን ማየት ነው፤ ያንኑ ጻፊ። ለቃለ መጠይቅ ቢጠሩም በአማርኛ መናገር ስለሚችሉ ተመሳሳይ መልስ በራሳቸው ቃል ይስጡ። የተጠና ነገር አታስይዣቸው።

የማኅበራዊ ሚዲያ ጥያቄ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀሙባቸውን ስሞች ይጠይቃል። እናትሽ ዩቲዩብ ላይ መዝሙር የሚሰሙበት፣ የልጅ ልጅ የከፈተላቸው ፌስቡክ ካለ እሱም ይቆጠራል። “የለም” ከማለትሽ በፊት ስልካቸውን የሚያውቀውን ሰው ጠይቂ።

ፎርሙ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ሳትነኪው ከቆየሽ ይዘጋብሻል፤ በየገጹ አስቀምጪ። ያልተላከ ፎርም 30 ቀን ይቆያል።


ደይራ_መንገደኛ (ዱባይ) | ጥቅምት 12 ቀን 2018

የወንድምሽን ልመልስ። ደላላው የነገረው ስህተት ነው፤ ስህተቱም ገንዘብ ያስወጣል። ቪዛው የሚሰጠው በፓስፖርቱ ዜግነት ልክ ነው እንጂ በማመልከቻው ቦታ አይደለም። ዱባይ፣ አቡዳቢ፣ ሪያድ፣ ናይሮቢ ቢያመለክት ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያው 3 ወር፣ ያው አንድ መግቢያ ነው።

የት ያመልክት ለሚለው፣ ከሴፕቴምበር 6 ቀን 2025 የወጣው መመሪያ አመልካች በዜግነቱ አገር ወይም በሚኖርበት አገር ቃለ መጠይቅ እንዲይዝ ይላል። ወንድምሽ ሁለቱም አለው፤ አዲስ አበባም ዱባይም ይሠራለታል። በሦስተኛ አገር ግን፣ ለምሳሌ “ቀጠሮ ቶሎ ይገኛል” ተብሎ ዶሃ ቢሄድ፣ ብቁነቱን ማሳየት ይከብደዋል፤ ክፍያውም አይመለስም። አንድ አገር የተከፈለ ክፍያ ሌላ አገር አይሻገርም። አዲስ አበባ ከፍሎ ሐሳቡን ወደ ዱባይ ቢቀይር 185 ዶላሩን ደግሞ ይከፍላል። ደረሰኙ ከተከፈለበት ቀን 365 ቀን ስለሚያገለግል መጀመሪያ አገሩን ይወስን፣ ከዚያ ይክፈል።

እኔ ብሆን ዱባይን እመርጣለሁ፤ ሥራውም ገቢውም እዚያ ስለሆነ መልሱ የሚደገፈው እዚያ ባለው ሰነድ ነው። “ነዋሪ” ማለት ግን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ነው። በቪዚት (በጉብኝት ቪዛ) የገባ ሰው ነዋሪ አይባልም፤ ደላሎች የሚያታልሉት ይህን ሰው ነው። የኤምሬትስ የመኖሪያ ማህተም ከፓስፖርት ላይ ስለቀረ የኤምሬትስ መታወቂያውንና የመኖሪያ ፈቃዱን ህትመት ይዞ ይሂድ። ፈቃዱ ጥቂት ሳምንት የቀረው ከሆነ አስቀድሞ ያሳድስ፤ ወደ አሜሪካ ሄዶ የሚመለስበት ቦታ እንዳለው የሚያሳየው ወረቀት ራሱ ሊያልቅ ሲል ማቅረብ ጥሩ አይደለም።

ከአሠሪው የሚወጣው የደመወዝ ማረጋገጫ የሥራ መደቡን፣ የተቀጠረበትን ቀን፣ ደመወዙንና የተፈቀደለትን የዕረፍት ቀናት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ መግለጽ አለበት። “ለሚመለከተው ሁሉ” ብቻ የሚል ባዶ ደብዳቤ አይረዳም። በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 214 ቢ የሚከለከሉት በአብዛኛው “ተመልሶ ይመጣል” የሚለውን ማሳየት ያልቻሉ ናቸው፤ ሕጉ አመልካቹ ለመቅረት የሚሄድ ነው ብሎ ይነሣል፣ ተቃራኒውን ማሳየት ያለበት አመልካቹ ነው። የአንቺ የግብዣ ደብዳቤ ይህን አያሟላለትም።

ይህን የሚያነቡ ከአሠሪ ቤተሰብ ጋር ወደ አሜሪካ የሚወሰዱ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። አሠሪ ለጉብኝት ሲሄድ ይዟት የሚሄድ ሠራተኛ የምታመለክተው በቢ1 ነው። ሁለቱም የፈረሙበት የሥራ ውል ያስፈልጋል፤ ውሉ የአሜሪካን ዝቅተኛ ደመወዝ ወይም በአካባቢው የተለመደውን፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ነጻ ማደሪያና ምግብም መያዝ አለበት። ውሉን በሚገባሽ ቋንቋ ሳይነበብልሽ አትፈርሚ፤ ቅጂውም በእጅሽ ይሁን። ቆንስላው መብቶችሽን የሚዘረዝር ትንሽ መጽሔት ይሰጥሻል፤ እኤአ በ2008 በወጣው የሰዎች ዝውውር መከላከያ ሕግ ግዴታ ነው። ቆንስሉ ያለ አሠሪሽ ለብቻሽ ሊያነጋግርሽ ይችላል። ፓስፖርትሽ አሜሪካ ከገባሽ በኋላ በአሠሪ እጅ መቆየት የለበትም። የዲፕሎማት ሠራተኛ ከሆንሽ ደግሞ የቪዛሽ ዓይነት ኤ-3 ነው፤ ዲፕሎማቱ ያለ ቃለ መጠይቅ ቢያልፍም አንቺ ቃለ መጠይቅ አለብሽ።


አይ_ሃያ | ጥቅምት 13 ቀን 2018

ክሩ ስለ እናት ነው፤ ግን የ3 ወሩ ነገር ተማሪዎችን ክፉኛ ስለሚመታ እዚሁ ላስገባው። “ቶሎ አመልክቱ” የሚለው የድሮ ምክር አሁን ሊጎዳ ይችላል።

ኤፍ-1 (የትምህርት ቪዛ) የያዘ ተማሪ መግባት የሚችለው ትምህርቱ ከሚጀምርበት 30 ቀን ቀደም ብሎ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው ሰነድ፣ በአይ-20ው ላይ፣ መጀመሪያው ኦገስት 24 ቀን 2026 ከሆነ የመጀመሪያው መግቢያ ጁላይ 25 ነው። ቪዛው ኤፕሪል 20 ከታተመ ለ3 ወር ነውና ጁላይ 25 ሳይደርስ ያበቃል። ለጥቂት ቀናት ተብሎ 185 ዶላሩም ቀጠሮውም ከባዶ ይጀመራል። ለኦገስት ትምህርት ከሜይ መጀመሪያ በፊት እንዳይታተም አስቡ። የ350 ዶላሩን የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ ግን ቀደም ብሎ መክፈል አይጎዳም።

ከገቡ በኋላ ቪዛው ቢያበቃ ተማሪው ሕጋዊ ነው፤ የሚያስኖረው አይ-94ውና የትምህርት ሁኔታው ነው። ለክረምት አገር ቤት መጥቶ መመለስ ግን አዲስ ቪዛና አዲስ ቃለ መጠይቅ ማለት ሆኗል። ለኤፍ፣ ለኤምና ለጄ (የትምህርትና የልውውጥ ቪዛ) አመልካቾች ከጁን 2025 ጀምሮ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዟል፤ ከቀጠሮው በፊት ይከፈት።

ለሁሉም የሚሆን፦ ጁላይ 4 ቀን 2025 በጸደቀው ሕግ ውስጥ ቪዛ ሲሰጥ የሚከፈል ተጨማሪ 250 ዶላር አለ። ይህን እስከጻፍኩበት ጥቅምት 2018 ድረስ መሰብሰብ አልተጀመረም። ደላላ “የ250ውን አምጡ” ካላችሁ አትስጡ።


ትራንዚት | ጥቅምት 13 ቀን 2018

ቲኬቱን ሳትገዢ ይህን አንብቢ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በፍራንክፈርት፣ በሮም፣ በፓሪስ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የአውሮፕላን ማረፊያ መሸጋገሪያ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ኢትዮጵያ በሼንገን (የአውሮፓ የጋራ ቪዛ) አገሮች የጋራ ዝርዝር ውስጥ ካሉት አገሮች አንዷ ናት። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ያለው ግን ነጻ ነው፤ ስለዚህ ሲሄዱ ችግር የለም።

ችግሩ ሲመለሱ ነው። ቪዛው ለ2 ዓመት በሚሰጥበት ጊዜ ሰው ሲመለስም የጸና ቪዛ በእጁ ነበር። አሁን እናትሽ 5 ወር ቆይተው ሲመለሱ ቪዛው ካበቃ ወራት አልፈውታል። የሼንገን የቪዛ ደንብ በቪዛው ተጠቅሞ ከዚያ አገር የሚመለስን ሰውም ነጻ ያደርጋል። ነገር ግን የአየር መንገዱ መመዝገቢያ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው “አብቅቷል” የሚለውን ቀን ነው። 81 ዓመት እናት ሻንጣ ይዘው መመዝገቢያው ፊት ክርክር ውስጥ መግባት የለባቸውም። ከደለስ (ዋሽንግተን) ወደ ቦሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድን በረራ ያዢላቸው፤ ዋጋው ቢበልጥም። የግድ በአውሮፓ ከሆነ የአይ-94 ህትመትና የመግቢያ ማህተሙ በእጃቸው ይሁን፤ አየር መንገዱንም አስቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂው።

መንገድ ላይ አውሮፓ ያለ ልጅ ጋ ጥቂት ቀን ይረፉ የሚል ሐሳብ ካለሽ ደግሞ እሱ ሙሉ የሼንገን ቪዛ ነው፦ 90 ዩሮ፣ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን የተራዘመበት፣ ደጋግሞ የሚያስገባም የማይሰጥበት። ከማርች በፊት ሁለቱን አንድ ላይ ማካሄድ ፓስፖርቱን አንድ ቦታ ያስይዘዋል፤ አልመክርሽም።


አራስ_ቤት (ሜሪላንድ) | ጥቅምት 14 ቀን 2018

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የቪዛውን ገጽ አስነሥቼ አየሁት፤ ድፍን 2 ዓመት ነው፣ “ኤም”ም አለበት። የማራዘሚያው ማጽደቂያም ተገኝቷል። ፓስፖርቷን ዲሴምበር መጨረሻ ላይ እናስገባለን። አንድ የቀረኝ ነገር፣ አዲሱን ዲኤስ-160 ስሞላ ፎቶው አልገባ አለ፤ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ነጠላ ለብሳ ነው የተነሣችው።


ፎርም_ሞይ_ፒያሳ | ጥቅምት 14 ቀን 2018

ነጠላው ነው። የፎቶው ጀርባ ነጭ መሆን አለበት፤ ነጭ ነጠላ ራስ ላይ ከተጣለ ማሽኑ ጭንቅላቱ የት እንደሚያልቅ አይለይም። የራስ መሸፈኛ የሚፈቀደው በሃይማኖት ምክንያት ሁልጊዜ ለሚለበስ ነው፤ እሱም ፊትን ሙሉ ማሳየት አለበት። እንዲያ ካልሆነ ነጠላው ይውረድና ጠቆር ያለ ልብስ ይልበሱ። መሸፈን ግድ ከሆነ ባለ ቀለም ሻሽ፣ ከግንባር እስከ አገጭ ክፍት፣ ጉንጭ ላይ ጥላ ሳይጥል።

መነጽር ይውለቅ። ፎቶው ከ6 ወር ያልበለጠ ይሁን፤ አሮጌው ቪዛ ላይ ያለውን ደግመሽ አትጠቀሚ። ለፎቶ ቤቱ እንዲህ በዪው፦ አራት ማዕዘን፣ ስፋቱና ቁመቱ እኩል፣ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ጄፔግ፣ ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ፤ ከአገጭ እስከ ራስ ጫፍ ያለው የፎቶውን ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ የሚይዝ። በቴሌግራም ሲልኩልሽ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀዋል። ለሚታተመውም 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ሁለት ቅጂ ያሠሩ።

ምናልባት ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩ፣ የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 08:30 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ለሚያደርሳቸው ሰው “ስምንት ተኩል” ብለሽ እንዳትነግሪው፤ ከሰዓት በኋላ ይመጣና ቀጠሮው ያልፋቸዋል። ስልክ አያስገቡም፤ በር ላይ ከመድረሳቸው በፊት አብሯቸው ለሚሄደው ሰው ይስጡት።